ድምፅ ሲጠፋ የትኛው ምርመራ? ኢንዶስኮፒ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ

መንዙማ ለሚያወጣ፣ ለሚቀድስ፣ ለሚያስተምር ሰው ድምፅ እንጀራው ነው። ድምፃችሁ ጎርንኖ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ውኃ ስትጠጡም ትን የሚላችሁ ከሆነ፣ ጉሮሮ ውስጥ እየተርገበገቡ ድምፅ ከሚያወጡት ሁለት የድምፅ አውታሮች አንዱ ሽባ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከወግዲም ከላስታም ደሴ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ "ሲቲ ስካን ልነሳ" ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ብር እዚያ ላይ አታውጡ።

ቅድሚያ ለኢንዶስኮፒ ስጡ። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ "ኢ... በል" ይላል። ሁለቱ አውታሮች ሲገጥሙ፣ ወይም አንዱ ተገትሮ ሲቀር በዓይኑ ያየዋል። ሽባነቱን የሚያረጋግጠው ይህ ነው። የሌሎቹ ዋና ሥራ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። የእንቅርት ኦፕሬሽን አውታሩን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊነካ ስለሚችል፣ ከኦፕሬሽኑ በፊትና በኋላ አውታሩን ለማየት ጥሩ ነው፤ በተለይ ለሴቶችና ለልጆች። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ላይ ግን የማንቁርቱ ለስላሳ አጥንት ስለሚጠነክር ምስሉ ይደበዝዛል። ደረት ውስጥ ያለውን ነርቭም አያሳይም።

ሲቲ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የግራውን አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ ደረት ድረስ ይወርዳል። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ በታች በኩል ዞሮ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ የሳንባ ካንሰር፣ በቲቢ ያበጠ ንፍፊት ወይም የተለጠጠ የደም ቧንቧ ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ ግራው ሽባ ሆኖ አንገት ብቻ የተነሳ ሲቲ ግማሽ ምርመራ ነው። ሳትከፍሉ "ከራስ ቅል ሥር እስከ ደረት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና ወይም አለርጂ ካለም ተናገሩ፤ ሲቲው ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለው።

የደረት ራጅ ርካሽ ነው፤ ንጹሕ ነው ቢባል ግን ነገሩ አላለቀም።

ኤምአርአይ ችግሩ ከአንጎል ወይም ከራስ ቅል ሥር ነው ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ምራቅ በዋጣችሁ ቁጥርም ምስሉ ይበላሻል።

ድምፁ የጠፋው በእንቅርት ኦፕሬሽን ማግስት ከሆነ አብሽሩ፤ ምክንያቱ ስለሚታወቅ ሲቲ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ስትተነፍሱ የሚያፏጭና የሚያፍን ከሆነ ግን ሁለቱም አውታሮች ተይዘው ሊሆን ስለሚችል ምስል ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።