ከኪስ ሽጉጥ ጋር 14 ወራት

ይህችን ትንሽ ሽጉጥ ከያዝኩ 14 ወር አለፈኝ። እስካሁን 920 ጥይት ተኩሼባታለሁ። ቁጥሩን በትክክል የማውቀው ማስታወሻ ደብተር ስለያዝኩላት ነው። ቀኑን፣ የተኮስኩትን ብዛት፣ ስንት ጊዜ እንደነከሰች (ጥይት ተቀርቅሮባት እንደቆመች) እና መቼ እንደወለወልኳት እጽፋለሁ። ይህን ጽሑፍም የምጽፈው ደብተሩን ከፊቴ ዘርግቼ ነው።

የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም። የምናገረው ጥሩም ሆነ መጥፎ ነገር የእሷ ብቻ አይደለምና። የዚህ መጠን ሽጉጦች አብዛኞቹ የሚጋሩት ባሕርይ ነው።

መጀመሪያ እሷን ላስተዋውቃችሁ። ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በርሜሏ 7 ሴንቲሜትር ነው። ውፍረቷ ከ2 ሴንቲሜትር እምብዛም አያልፍም። ካዝናዋ 6 ጥይት ይይዛል፣ አንድ ስታጎርሷት ሰባት ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል ብዙዎቻችን የምናውቀው ማካሮቭ ሽጉጥ ባዶውን 730 ግራም ነው። የእኔዋ ሙሉ ጥይት ጎርሳ እንኳን የእሱን ግማሽ አትመዝንም።

የምትተኩሰው 9 በ17 የሚባለውን ጥይት ነው። ቁጥሮቹ የጥይቱን ውፍረትና ባሩዱን የሚይዘውን ቀለህ ርዝመት በሚሊሜትር ይናገራሉ። .380 በሚለው ስሙም ይታወቃል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ጥይት ሲሆን በኮልት ሽጉጥ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው። ሁለቱም «ዘጠኝ» ስለሚባሉ ብቻ አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አንድ አይደሉም። የማካሮቩ ቀለህ ይረዝማል፣ እርሳሱም (ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) ትንሽ ይወፍራል። ጥይት ስትገዙ በርሜሉ ላይ የተጻፈውንና ፓኮው ላይ የተጻፈውን አስተያዩ።

ለምን ገዛኋት? ማታ ሥራ ዘግቼ የምወጣው እኔ ነኝ። ፈቃድ ያወጣሁበት ሌላ ትልቅ ሽጉጥ ነበረኝ። ግን ከባድ ነው። ቀበቶ ይጎትታል፣ በሸሚዝ ስር ይታያል፣ ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኛል። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን ቤት ተቆልፎበት ይውል ነበር። ይህችኛዋ ግን ኪሴ ውስጥ መኖሯን እስክረሳት ድረስ ቀላል ናት። በዚህ በኩል የጠበቅኩትን ሁሉ ሰጥታኛለች። በ14 ወር ውስጥ አንድም ሰው ሽጉጥ መያዜን አላወቀም።

ችግሩ የሚጀምረው መተኮስ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ልምምድ አልረሳውም። ማካሮቭ የተኮሰ ሰው ይህቺ ምን ትከብደዋለች ብዬ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያዋ ጥይት ስትወጣ ሽጉጧ መዳፌ ውስጥ ዞረች። ትንሿ ጣቴ እጀታው ላይ ቦታ ስለሌላት አየር ላይ ናት። በሁለት ጣት ብቻ ነው የያዝኳት ማለት ይቻላል። በአምስተኛው ጥይት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ተላጠ። ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ስለያዝኳት ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት ፋቀኝ። ሃምሳ ጥይት ይዤ ሄጄ ሃያ ስምንቱን ብቻ ተኩሼ ተመለስኩ።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። የጥይቱ ጉልበት አልተቀየረም። ያንን ርግጫ የሚውጠው ብረት ግን ቀለለ። ከባድ ሽጉጥ ርግጫውን ለራሱ ያስቀረዋል፣ ቀላል ሽጉጥ ለእጃችሁ ያስረክባል። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ትንሿን አንስቶ «ይህቺ ለጀማሪ ትሆናለች» ሲል እሰማለሁ። በጣም ተሳስቷል። ለጀማሪ ትልቅና ከበድ ያለ ሽጉጥ ይሻላል። ትንሿ የምትመጣው በኋላ ነው።

ቃታዋም ሌላ ትምህርት ነው። ረጅም ነው፣ ከበድ ይላል። ከውጭ የሚዘጋ መቆለፊያ የላትም። ያ ረጅም ጉዞ እንደ መቆለፊያ እንዲያገለግል ታስቦ ነው የተሠራው፣ በስህተት በቀላሉ እንዳይሳብ። ግን ስትስቡት እጃችሁ ሁሉ አብሮ ይጨመቃል። የመጀመሪያው ወር ላይ የእኔ ጥይቶች በሙሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዱ ነበር። ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው፣ ሽጉጧን ከቃታው ጋር እየጎተትኳት ነበር።

ይህን ያስተካከለልኝ ሳንቲም ነው። ቤት ውስጥ ካዝናውን አወጣለሁ። አቀባብዬ የጎረሰ ጥይት እንደሌለ በዓይኔ አያለሁ፣ በትንሽ ጣቴም ዳብሼ አረጋግጣለሁ። ጥይቶቹን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጥይት አያሳልፍም ወዳልኩት ግድግዳ አነጣጥሬ፣ የፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ ሳንቲም አስቀምጬ ቃታውን እስባለሁ። ሳንቲሙ ከወደቀ እጄ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። መጀመሪያ ከአስሩ ዘጠኙን ጊዜ ወደቀ። በየማታው አስር ደቂቃ እየሠራሁ ከአንድ ወር በኋላ ከአስሩ ሁለቴ ብቻ መውደቅ ጀመረ። ከጥይቱ ይልቅ ሳንቲሙ አስተምሮኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ባዶ ሽጉጥ መተኮስ የማይመከርባቸው አንዳንድ ሽጉጦች ስላሉ ግን ቀድማችሁ የራሳችሁን መመሪያ አንብቡ።

አሁን በ5 ሜትር ርቀት ስድስቱንም ጥይት መዳፍ በምታህል ቦታ አስገባለሁ። በ15 ሜትር ግን አልዋሻችሁም፣ ወረቀቱን መምታት ራሱ ያስደስተኛል። ማነጣጠሪያዎቹ በጣም ትናንሽ ናቸው፣ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለውም ርቀት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሂሳቡን ሥሩት። የፊተኛው ማነጣጠሪያ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ በ7 ሜትር ላይ ጥይቱ 7 ሴንቲሜትር ይስታል። ርቀታቸው 15 ሴንቲሜትር በሆነ ሽጉጥ ላይ ግን ያው ስህተት ከ5 ሴንቲሜትር አያልፍም። ሽጉጧ አትስትም፣ ስህተታችሁን ግን አትሸፍንላችሁም።

ወደ መንከሱ ልምጣ። ደብተሬ ላይ በ920 ጥይት ውስጥ 11 ጊዜ ነክሳለች። ከነዚህ ሰባቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ላይ ናቸው፣ ሰባቱም የእኔ ጥፋት ናቸው። እንዲህ ያለች ቀላል ሽጉጥ ስትተኩስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን አስፈንጥሮ አዲሱን ጥይት እንዲያጎርስ የታችኛው አካል በእጅ ጠንክሮ መያዝ አለበት። የእጅ አንጓ ከላላ ሽጉጧ በሙሉ አብራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ብረቱም ጉዞውን ሳይጨርስ ይመለሳል። ያኔ ቀለሁ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በተለይ በግራ እጄ ብቻ ስተኩስ ይህ ደጋግሞ ደረሰብኝ። እጄን ማጠንከር ስለምድ ጠፋ።

ሌላ ሁለቱ ጫፋቸው ክፍት በሆነ የአንድ ዓይነት ጥይቶች የመጡ ናቸው። የጥይቱ አፍንጫ ጠፍጣፋ ስለሆነ መግቢያው ላይ ይደገፋል። ያንን ዓይነት ትቼ ሌላ ሞከርኩ፣ መቶ ጥይት ያለ እንከን አለፈ። የምትይዙትን ጥይት በራሳችሁ ሽጉጥ ሳትሞክሩ አትመኑት።

የቀሩት ሁለቱ ግን ያስደነገጡኝ ናቸው። ስምንተኛው ወር ላይ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ሦስት ሳምንት ሳልፈታት በየቀኑ ኪሴ ውስጥ ትውል ነበር። ልምምድ ላይ የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ። ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ገብቶ ቆመ። አስተካክዬ ተኮስኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ነከሰች። ቤት ወስጄ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈታኋት። ሞላው ዙሪያ ግራጫ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅልሏል። ከካዝናው ውስጥ በጥርስ መፋቂያ ሳወጣው አንድ ጥፍር የሚያክል ኳስ ሆነ። ከኪስ ጨርቅ የረገፈ ክርና አቧራ ነው። እኔ ደግሞ ዝገት ፈርቼ ዘይት አብዝቼ ቀብቻት ስለነበር ብናኙ ሁሉ ተጣብቆ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ፈትቼ እወለውላታለሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም። ዘይት የምቀባው የሚፋተጉት ቦታዎች ላይ አንዳንድ ጠብታ ብቻ ነው፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ውልወላ ስጨርስም ሆነ ከልምምድ ስመለስ ምግብ ሳልነካ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ከጥይቱ የሚወጣው እርሳስ እጅ ላይ ይቀራል።

ላብም አለ። በሙቀት ወራት ጭኔን የሚነካው ጎኗ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች አየሁ። ገና ሳይበላት ስለደረስኩበት በዘይትና በጨርቅ ለቀቀ። አሁን በየማታው ሳወጣት ሁልጊዜ ጎኗን አብሳለሁ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ስለሚያሳስበኝ ነገር። የኪስ ሽጉጥ ያለ አፎት ኪስ ውስጥ አይገባም። በጭራሽ። አፎቱ ቃታውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፣ ሽጉጧ ስትወጣም እሱ ኪስ ውስጥ መቅረት አለበት። እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር አይቀመጥም። ቁልፍም፣ ሳንቲምም፣ መሀረብም። አንድ ማታ ኪሴን ስፈትሽ የእስክሪብቶ ክዳን አገኘሁ። መቼ እንደከተትኩት አላስታውስም። አፎት ባይኖር ኖሮ ያ ክዳን ቃታው ቀለበት ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላው ሕጌ ደግሞ ሽጉጧ ከእጄ ብትወድቅ ልቀልባት አለመሞከር ነው። የምትወድቅን ሽጉጥ የሚቀልብ ጣት ቃታውን ያገኘዋል። ትውደቅ፣ ከመሬት ትነሳለች።

ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ይህች ሽጉጥ ትንሽና ቀላል በመሆኗ ለልጅ ዓይን አሻንጉሊት ነው የምትመስለው። ሱሪ ደግሞ ይወልቃል፣ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል፣ ለእጥበት ይሰጣል። ስለዚህ ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ቀጥታ ወደ ተቆላፊው ሳጥን ነው የምሄደው። በ14 ወር አንድ ቀን አላጓደልኩም። ይህን በየቀኑ ለማድረግ የማይችል ሰው የኪስ ሽጉጥ ባይገዛ እለምነዋለሁ።

ይህ በየማታው ማስገባትና ማውጣት ያልጠበቅኩትን ነገር አመጣ። መጀመሪያ ላይ ማታ ጥይቱን ከጉረሳ አወጣለሁ፣ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሼ አጎርሳለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን ጥይት ከአዲስ ጥይት ጎን አቆምኩት። አጥሯል። በተደጋጋሚ ሲጎርስ መግቢያውን እየመታ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ተገፍቷል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እንዲህ ያለ ጥይት ሲተኮስ ውስጡ ያለው ግፊት ከሚገባው በላይ ይሆናል፣ አደገኛ ነው። አሁን ጉረሳ ላይ የነበረውን ጥይት እየቀያየርኩ ነው የምጠቀመው፣ ያጠረ ካየሁም ከጥቅም ውጪ አደርገዋለሁ።

ልግዛ ወይስ አልግዛ ለሚሉኝ ሰዎች ሌላም ምርጫ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ሲግ ሳወር እ.ኤ.አ. በ2018 ፒ 365 የተባለውን ሲያወጣ በትንሽ አካል 9 በ19 ጥይት 10 ያህል በካዝና መያዝ እንደሚቻል ታየ። ሌሎችም ተከተሉ። አንድ ጓደኛዬ አለውና ተኩሼበታለሁ። ወደ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ጥይቱ የበለጠ ኃይል አለው፣ ግን ከእኔዋ ይልቅ ለእጅ ይመቻል። ቀበቶ ላይ ለሚይዝ ሰው ያለ ጥርጥር እሱን እመርጥለታለሁ። የእኔ ልብስና የእኔ ኪስ ግን እሱን አይሸሽጉም። ስለዚህ ከእሷ ጋር ቀጥያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሞላዋን ቀየርኩ። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሽጉጦች ሞላቸው ቶሎ ይደክማል፣ መመሪያዋም ሺህ ጥይት ሳይሞላ ቀይሩ ይላል። አሮጌውንና አዲሱን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኳቸው። አሮጌው በአንድ ጣት ስፋት ያጥራል። አዲሱን ገጥሜ ሳቀባብል ጠንክሮብኛል። ባለቤቴ ፈቃድ አውጥታ አብራኝ ነው የምትለማመደው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቀባበል አቅቷት ተስፋ ቆርጣ ነበር። የላይኛውን ብረት ከመጎተት ይልቅ በግራ እጇ ጠበቅ አድርጋ ይዛው በቀኝ እጇ እጀታውን ወደ ፊት እንድትገፋ አሳየኋት። ቅዳሜ በአዲሱ ሞላ ባዶዋን ሰጠኋት። ሁለቴ ሞከረች። በሦስተኛው አቀባበለች፣ ጥይት ማጉረሻውን አይታ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻትና ጥይቱን አምጣ አለችኝ።