ከአዳማ የአንድ ቀን የእሳተ ገሞራ ጉዞ፦ ፈንታሌ ወይስ ቢሾፍቱ?

ከአዳማ ማለዳ ተነስቶ ማታ ለመመለስ፣ መኪና ከነሹፌሩና ከነአስጎብኚው ለሚከራይ ሰው ሁለት አቅጣጫ አለ። በምሥራቅ መተሐራ፣ የፈንታሌ ተራራና አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፤ በምዕራብ የቢሾፍቱ ሐይቆችና የዝቋላ ተራራ። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ለአስጎብኚ መክፈል የሚያስፈልገው ግን ለምሥራቁ ብቻ ነው ባይ ነኝ።

በመተሐራ መንገድ ብቻውን የሚነዳ ሰው የሚያየው ጥቁር ድንጋይ ነው። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው የቀለጠ ዓለት የት ደርሶ እንደረጋ የሚያሳየው አስጎብኚው ነው። የበሰቃ ሐይቅም ነገር እንዲሁ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 አልፏል፤ አስፋልቱንም የባቡር ሐዲዱንም ተጋፍቶ ከፍ እንዲደረጉ አስገድዷል። ውሃው ግን ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ አይጠጣም። ፓርኩ ውስጥ ረጅም ቀንድ ያለውን የዱር እንስሳ ሳላን ለማየት ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሳትበረታ መድረስ ያሻል፤ ስለዚህ ከአዳማ ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ እንነሳለን የሚል አስጎብኚ እንስሳቱን ጥላ ውስጥ ተኝተው ሊያሳይዎት ነው። ከአዋሽ ፏፏቴ በታች አዞ አለ፤ ወንዙ ዳር ልጅ አይለቀቅም።

በፓርኩ ሰሜን ጫፍ ያለው ፍልውሃ በዘንባባ የተከበበ፣ እስከ ታች የሚታይ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሚኒባስ ለዚያ መንገድ አይሆንም። «ፍልውሃም አለበት» ተብሎ ሚኒባስ ከቀረበልዎት ፍልውሃው እንደማይደረስ ይቁጠሩት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል፤ አዛውንትና ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ይመረጣል። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የተፈጠሩት የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጉድጓድ ነው። ይህን ካወቁ ሌላው ከዳር ቆሞ ማየት፣ ዓሣ መብላት ነው፤ ለዚህ ሹፌር ይበቃል።

ዝቋላ ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ተራራ አቀበቱ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል፤ አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ የገዳሙ ጸበል ስለሆነ የመዋኛ ልብስ ቤት ይቅር። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ስለሆነ፣ ለመሳለም ካልሆነ በቀር በእነዚያ ቀናት አይሂዱ፤ መንገዱ በምእመናን ይሞላል። ሐይቆቹንም ዝቋላንም በአንድ ቀን እናዳርሳለን የሚሉ አሉ፤ እኔ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ እከፍላለሁ።

ዋጋ ሲነጋገሩ ነዳጅ፣ የፓርክ መግቢያ፣ የስካውት (የፓርኩ ጥበቃ) አበልና የፈጣን መንገድ ክፍያ በማን ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ። በርካሽ የቀረበ ጉዞ ብዙውን ጊዜ መግቢያውን በር ላይ የሚያስከፍል ነው።