አሮጌ የእግር ሲንጀር ለሶፋ ልብስ ይበቃል ወይ?

በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ያውቀዋል። ወር ሲያልቅና ሰው ቤት ሲቀያየር ከብሎኩ ሥር አንድ ሁለት ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ወይ በሩ አላስገባ ብሎታል፣ ወይ ጨርቁ አልቆ ቁራሌው እስኪመጣ ይጠብቃል። አጥንቱ ደህና የሆነውን መርጦ ልብሱን ራስ መስፋት ያዋጣል። ጥያቄው በምን መኪና የሚለው ነው።

እዚህ የምንገመግመው ጥቁሩን፣ የብረት እግር ያለውን፣ በፔዳል የሚረገጠውን ስፌት መኪና ነው፤ ያውም ያገለገለውን፣ ከልብስ ሰፊ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እጅ የሚገኘውን። ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር። ለጨርቅ ሶፋ፣ ለመጋረጃና ለወንበር ልብስ በደንብ ይበቃል። ለወፍራም ሰው ሠራሽ ቆዳ አይሆንም። ጠርዙ ላይ ገመድ የሚዞርበትን ትራስም ይሰፋል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥቁር መኪና ሁሉ ሲንጀር ይባላል እንጂ ብዙው የሻንጋዩ ቢራቢሮ ነው። ይህ የሚያስከፋ ነገር አይደለም፤ የቢራቢሮው ጄኤ2-1 የተሠራው በሲንጀር 15 አምሳል ስለሆነ መርፌው፣ የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት ቦቢንና የቦቢኑ ቤት ለሁለቱም ይሆናሉ። ከስሙ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ቦቢኗ ናት። ከመርፌው ሥር ያለውን ክዳን ገፋ አድርጉና እዩ፤ ክብ ከሆነች ጥሩ ነው። ረጅምና ቀጭን ሆና ጀልባ በሚመስል ቤት ውስጥ የምትተኛ ከሆነች የድሮው የሲንጀር 27 ወይም 127 ሞዴል ነው። ስፌቱ ውብ ነው፣ ቦቢኗ ስትጠፋ ግን ምትክ ፍለጋ ያንከራትታል። ሻጩ «ከስኮትላንድ የመጣ አዲስ ሲንጀር» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ፤ ክላይድባንክ የነበረው ፋብሪካ የተዘጋው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ሲንጀሩ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ፊደል ሳይቀድመው አኃዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ መኪናው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መሆኑ አይቀርም፤ ለሳሎን ጌጥ ያምራል፣ ለሥራ ግን ዕድሜው ጥቅም የለውም።

ስትገዙ ክር ሳታስገቡ መዘውሩን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ዙሩ ሁሉ እኩል የሚከብድ ከሆነ የደረቀ ዘይት ነው፣ ይድናል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ወይ ክር ታንቆበታል ወይ የተጣመመ ነገር አለ፤ ሻጩ ፈትቶ ካላሳየ ተዉት። ቀጥሎ መርፌ የሚይዘውን ዘንግ በጣት ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ስፌት ይዘላል። ጨርቁን ከሥር የሚጎትቱትን ጥርሶች ዳብሱ፤ ጣት ላይ ሻከር ማለት አለባቸው፣ ከለሰለሱ ወፍራም ጨርቅ አይሄድላቸውም። በመጨረሻ አራት እጥፍ ጂንስ ይዛችሁ ሂዱና እሱን ስፉበት። ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በስስ አቡጀዲ ነው፤ አቡጀዲ ደግሞ የመኪናን ገበና ይሸፍናል።

የብረት እግሩን ማየትም አይዘንጋ። በቅርጽ የተቀዳ ብረት ስለሆነ አንዴ ከተሰነጠቀ በተራ ብየዳ አይድንም፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ፔዳሉን ከትልቁ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ «ቋ ቋ» ቢል ግን አያሳስብም፣ ብሎኑን ማጥበቅ ነው።

የተያዘ መኪና ብዙ ጊዜ በሽታው የምግብ ዘይት ነው። አንድ ሰው ዘይት ዘይት ነው ብሎ የወጥ ቤቱን ጠብ አድርጎበታል፤ እሱ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል። በየቀዳዳው ጥቂት ላምባ ጠብ አድርጉና ያለ ክር 5 ደቂቃ ርገጡት፤ የሚወጣውን ጥቁር ጠርጋችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ የስፌት መኪና ዘይት፣ በየቀዳዳው ሁለት ጠብታ። የሞተር ዘይት አይሆንም፣ ወፍራም ነው፤ ጨርቅም ያበላሻል። ቺንጋው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል የቆዳ ገመድ ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ። አዲስ ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለጠጥና ይንሸራተታል፤ ያኔ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቁረጡ። አንዴ ብዙ ከቆረጣችሁ ፔዳሉ እግር ይገድላል።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው ሌላ ነው፤ ስትረግጡ መዘውሩ ወደ ኋላ ይሄድና ክሩ ተወሳስቦ ይበጠሳል። ሁልጊዜ መጀመሪያ በቀኝ እጅ መዘውሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ እግሩ ይከተላል። ያለ ክርና ያለ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት መለማመድ ከብዙ የተበላሸ ጨርቅ ያድናል።

መርፌው በየሱቁ የሚሸጠው 130/705 ኤች ነው። ለመጋረጃ 90፣ ለተለመደው የሶፋ ጨርቅ 100፣ ለጂንስና ለሸራ 110 ቁጥር፤ ከዚያ በላይ ለዚህ መኪና አንመክርም። መርፌው በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፣ ከላይ በተቃራኒው ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ክር የሚገባው ከቦዩ በኩል ነው፤ ተገልብጦ ከገባ መኪናው አንድም ስፌት አይዝም፣ ሰውም መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ለጠጋኝ ይከፍላል። ለ8 ሰዓት ያህል ከሰፋችሁበት በኋላ ቀይሩት። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ መስኮት አጠገብ ባለ ሶፋ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይላላል። በጥቅሉ ላይ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ሲያንስ ክሩ ይወፍራል፣ ሁለተኛው ስንት ዘለላ እንደተገመደ ይናገራል። 40/2 ላይም ታችም አድርጋችሁ በ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁለት ጊዜ መስፋት ከሁሉ ይሻላል። 20/2 ከላይ ለሚታይ ስፌት ያምራል፣ በ110 መርፌ። 20/3 ለዚህ መኪና ከባድ ነው።

ከሥር ክሩ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ ብዙ ሰው የሚነካካው ቦቢኗን ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው። ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን ትንሽ እግር ከፍ አድርጋችሁ ክሩን እንደገና አስገቡት፤ ይህ እግር ሲወርድ የላይኛው ክር ማጥበቂያ ስለሚዘጋ ክሩ በሁለቱ ሳህኖች መካከል አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። 60 በ60፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመቀመጫ ትራስ እንውሰድ። ልብሱ ከስፖንጁ በ1 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት፣ አለዚያ በወሩ ይጨማደዳል። ስለዚህ ተሰፍቶ 59 እንዲሆን፣ በየጎኑ 1.5 የስፌት ትርፍ ታክሎ፣ የላይና የታች ጨርቁ 62 በ62 ይቆረጣል። በጎን የሚዞረው 15 ስፋትና 160 ርዝመት፣ ዚፕ የሚገባበት የኋላው ክፍል 9 ስፋትና 82 ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች። ዚፑ በሁለቱም ማዕዘን 10 ሴንቲ ሜትር አልፎ እንዲዞር ነው ይህ ሁሉ፤ ልክ በ59 ላይ ካቆማችሁት ስፖንጁ አይገባም። ስፋቱ 140 ከሆነ ጨርቅ ላይ ይህ 95 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ የጎኑ 160 ከ140 ስለሚበልጥ አንድ ቦታ ይቀጠላል፣ ቅጥሉን ወደ ጎን አድርጉት እንጂ ፊት ለፊት አይምጣ። የገመድ ጠርዝ ካለው 1 ሜትር ከ20 ያዙ። ጥጥ የበዛበት ጨርቅ ሳይቆረጥ ይታጠብ። ከፋይ ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ ሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፣ አለዚያ ሁለት ዓይነት ቀለም የገዛችሁ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ዚፑ፣ ቀጥሎ የጎኑ ጨርቅ ተያይዞ ክብ ይሆናል፣ ገመዱ በላይና በታች ጨርቅ ጠርዝ ላይ ይሰፋል፣ ከዚያ ክቡ ከላዩ ጋር፣ በመጨረሻ ከታቹ ጋር። የመጨረሻዋን ስፌት ከመጀመራችሁ በፊት ዚፑን ግማሽ ክፈቱት። ይህን የረሳ ሰው ተገልብጦ የተዘጋ ከረጢት ይዞ ይቀመጣል።

ይህ መኪና ጨርቅ የሚጎትተው ከሥር ብቻ ነው። ላይኛው ጨርቅ ወደ ኋላ ይቀራልና አንድ ዙር ሲጨረስ ማዕዘኖቹ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። መድኃኒቱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ስፒል፣ አራቱም ማዕዘን ላይ በመቀስ ትንሽ ምልክት፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየቆሙ መስፋት ነው። ገመዱ ባለበት አራት ድርብ ጨርቅ አለ፣ የገመዱ ጫፎች በሚገናኙበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እዚያ ስትደርሱ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡና በእጅ አዙሩ። ቀድማችሁ ድርቡን በመዶሻ ቀጥቅጡት፤ የስፌት ትርፎቹን አንዱን ከአንዱ አሳጥሩ፤ እግሩ ወደ ጉብታው ሲወጣ ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ከኋላው የታጠፈ ጨርቅ አስገቡለት። በአንድ ጎኑ ብቻ የሚረግጥ የዚፕ እግር ከሌላችሁ ገመዱ አጠገብ መድረስ አይቻልም፤ ትንሽ ብረት ናት፣ ከመኪናው ጋር ጠይቁ። የፔዳል ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ስፌት ብቻ ሰፍቶ መቆም ይቻላል።

ሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ግን እንቢ ይላል። የብረቱ እግር ይጣበቅበታል፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይደፈንም፣ ስፌቱ ካጠረ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀድዶ ይወጣል። ስሱን በ4 ሚሊ ሜትር ስፌት፣ ከእግሩ ሥር ስስ ወረቀት አስገብቶ፣ በስፒል ፈንታ በልብስ መቆንጠጫ ይዞ መስፋት ይቻላል። ወፍራሙን ቆርጣችሁና ምልክት አድርጋችሁ ከላይም ከታችም የሚጎትት መኪና ላለው ሰፊ ስጡ፤ የምትከፍሉት ለስፌቱ ብቻ ይሆናል።

ዚግዛግ፣ ማለትም ወዲያ ወዲህ እያለ ጠርዝ የሚይዝ ስፌት፣ የለውም፤ ይህም እውነተኛ ጉድለት ነው። የሶፋ ጨርቅ ጠርዙ ይተረተራል፤ ትርፉ ተተርትሮ ስፌቱ ላይ ከደረሰ ሰው ሲቀመጥበት ይፈነዳል። ወይ ቁራጮቹን ቀድሞ ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚቋጭ መኪና) ላለው ሰው መውሰድ ነው፣ ወይ 1.5 የነበረውን ትርፍ 2 አድርጎ ጠርዙን ለብቻ አንድ መሥመር መስፋት። ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና ዚግዛግ አለው፣ በዚህ ይበልጣል። ግን ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ስለሆነ አራት ድርብ ላይ ያቃስታል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ለመጋረጃና ለልጆች ልብስ ይሁን፣ ለሶፋ አንመክረውም።

ስለ ሶፋው ራሱ ጥቂት። የፊት እግሩን አንዱን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሡት፤ ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ካልተነሣ አጥንቱ ላልቷል። ዋንዛ ነው ቢሏችሁም ከሥር ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርጉ፤ ከፊት ዋንዛ፣ ከኋላ ባሕር ዛፍና ኮምፔንሳቶ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ችግርም የለውም። ቺፑድ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ግን አይመለስም። የላላ መጋጠሚያ ላይ አሮጌውን ኮላ ሳትፍቁ አዲስ ብትቀቡ አይይዝም፤ ፍቃችሁ፣ ቀብታችሁ፣ በገመድ ጠምዝዛችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ካልተመለሰ ሞቷል። ለመቀመጫ በሜትር ኩብ ከ28 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝነውን ጠይቁ፣ ከዚያ የቀለለው ለጀርባ ነው። ስታስገቡት በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ግፉት፣ ከዚያ ፌስታሉን ሳቡ።

ትኋን ግን አይናቅ። ጥቁር ነጠብጣብ በስፌቱ ስንጥቅና በማዕዘኑ እንጨት ውስጥ ፈልጉ። ካለ ስፖንጁና ጨርቁ ይወገዱ፣ እንጨቱ ውጭ ላይ በፈላ ውኃ ይታጠብ (ቺፑድ ከሌለው)፣ ደርቆም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታይ፤ እንቁላሉ እስከዚያ ይፈለፈላልና። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ትኋን የሚሞተው ሙቀቱ እስከ ውስጥ ድረስ 50 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ነው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ እንጨት መጋጠሚያ ውስጥ ይህን አታደርስም። አሮጌውን ልብስ በስሱ ፈታታችሁ፣ ንጹሕ ከሆነ፣ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፉበትና ለቅድ ተጠቀሙበት። ስቴፕሉን በካቻቢቴ አንሥታችሁ በፒንሳ ሳቡት፤ አንድ ሶፋ ላይ ያለው ስቴፕል ግማሽ ቀን ይበላል።

ስፌት መኪናውን ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ላይኛው ብረት ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ከጠረጴዛው ፈትታችሁ ለየብቻ አውጡት፤ ከነጠረጴዛው የተሸከሙት እንደሆነ ማጠፊያው ይሰበራል። ሴራሚክ ላይ ከቆመ የታች ጎረቤት ሌሊት ዝናብ የመጣ ይመስለዋል፤ ከአራቱ እግሮች ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጉለት።