መሀል ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ቪዲዮ፦ ዩቲዩብ፣ ኤድፐዝል ወይስ ኤች ፋይቭ ፒ?

ቪዲዮ ከፍቶ ቡና ለማፍላት መነሳት እየቀረ ነው። አሁን ቪዲዮው መሀል ላይ ቀጥ ይልና "እስቲ መልሱ የቱ ነው?" ይላል፤ ካልመለሱ አይቀጥልም። ኦንላይን ለምታስተምሩ ወይም ሠራተኛ ለምታሠለጥኑ ሦስቱን ላወዳድርላችሁ።

ዩቲዩብ ነጻ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን የሚሰጣችሁ ትንሽ ነው። በአንድ ቪዲዮ እስከ 5 ካርድ (ጥግ ላይ ብቅ የሚል ሊንክ)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ የሚታይ ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚመራ ምስል። የትኛው ተማሪ ቪዲዮውን ጨረሰ ብትሉ ስም አያወጣላችሁም። ድሮ አኖቴሽን የሚባል፣ ቪዲዮው ላይ የሚለጠፍና ሲጫኑት ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚወስድ ጽሑፍ ነበረው፤ ሰዎች "በግራ ልሂድ በቀኝ?" የሚያስመርጥ ጨዋታ ሁሉ ሠርተውበት ነበር። ስልክ ላይ ስለማይሠራ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መጨመር ቀረ፣ በጃንዋሪ 2019 የነበሩትም ጠፉ። ስንት ሰው የደከመበት ሥራ እንዲሁ ቀለጠ። እኔ ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን ይዤ መውጣት የማልችልበት ቦታ አላስቀምጥም።

ኤድፐዝል ለመምህር የተሠራ ነው። የዩቲዩብ ሊንክ ታስገባላችሁ፣ በፈለጋችሁበት ደቂቃ ጥያቄ ትጨምራላችሁ፣ ተማሪው ዘሎ እንዳያልፍም መከልከል ትችላላችሁ (ይናደዳል፣ ይናደድ)። ማን እስከ የት እንዳየና ምን እንደመለሰ በስሙ ይታያል። በነጻው አካውንት ግን የሚያዘው 20 ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍያ ይመጣል፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ደግሞ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ኤች ፋይቭ ፒ ኖርዌይ ውስጥ የተጀመረ፣ ቪዲዮ ላይ ጥያቄ የሚጨመርበት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ) ወይም ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫ) ካላችሁ በነጻ ትጭኑታላችሁ። የምወድለት ነገር፣ ተማሪው ሲሳሳት ነገሩ ወደተብራራበት ደቂቃ እንዲመልሰው ማድረግ ይቻላል። ሥራችሁንም በፋይል አውርዳችሁ ሌላ ቦታ ትጭኑታላችሁ፣ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ግን ያደናግራል፣ አልዋሽም። ቪዲዮውን ራሱን ድረ ገጻችሁ የተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት ቦታ ይበላል፣ ስለዚህ ከዩቲዩብ ማገናኘት ይሻላል። ኤች ፋይቭ ፒ ዶት ኮም የሚባለው የሚከፈልበት ነው፣ ከነጻው ጋር እንዳታምታቱት።

ድረ ገጽ ካላችሁ እንግዲህ ኤች ፋይቭ ፒን ውሰዱ። ከሌላችሁ በኤድፐዝል 20 ቪዲዮ ጀምሩ፣ ጥያቄዎቹን ግን ሌላ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ያዙ።