ለጎንደር ሆስፒታሉ የላብራቶሪ ልጅ እግዜር ይስጥልን!

ሰላም የጎንደር ልጆች! ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጠራም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላብራቶሪ የሚሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ልጅ ነው። ወንድሜ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው ከእግዚአብሔር ቀጥሎ በእሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሲመለስ ከስቶ መጣ። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ በግራ ጎኑ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሁለት ጉርሻ ከበላ ጠገብኩ ይላል። መተማ የወረደ ሰው ሲታመም ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፤ ወባ! አንዱ ክሊኒክ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ሌላው ታይፎይድ ነው ብሎ በመርፌ ወጋው። ከዚያ ደግሞ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ተባለ። ሁሌ ካርድ፣ ሁሌ ምርመራ፣ ሁሌ ብር። አንዱማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ነው ማዘዣ የጻፈለት። እናቴ ላሟን ሸጠች። ሆዱን ዳሰስ ያደረገ ሰው ግን የለም። የቤቶቹን ስም አላነሳም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን «ይሄ ጣፊያ ነው፣ ካላዛር የሚሉት ጣፊያ የሚያሳብጥ የቆላ በሽታ እንዳይሆን ሆስፒታል ውሰዱት» አለን። ሄድን፣ ደም ሰጠ፣ ወደ ቤት ተመለስን። ማምሻውን ስልኬ ጠራ። «እህቴ፣ የወንድምሽን ደም ያየሁት እኔ ነኝ። አትደንግጪ፤ ግን ነገ በጠዋት ይዘሽው ነይና ቀጥታ እኔን ጥሪኝ» አለኝ። ቁጥሬን ከካርዱ ላይ ፈልጎ ነው የደወለው። እስቲ ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ? ማን አስገደደው?

ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስላይዱ ጫፍ ላይ የወንድሜ ስም በእርሳስ ተጽፏል። በማይክሮስኮፑ እንዳይ አደረገኝ፤ ሐምራዊ ሐምራዊ ክብ ነገር ተጨናንቆ ሞልቶታል። «ይሄ ሁሉ ነጭ የደም ሴል ነው። ካላዛር ቢሆን ይቀንስ ነበር፣ የሱ ግን ከልክ በላይ በዝቷል» አለኝ። ከዚያ ወንድሜን ክንዱን ይዞ ራሱ ሐኪሙ ክፍል አስገባው። ወረፋ ጠብቁ ብሎ መተው ይችል ነበር።

የደም ካንሰር ነው ሲባል እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ግን ታግሶ አስረዳን፣ ግማሹ ባይገባኝም። ሲኤምኤል ይባላል። በሴላችን ውስጥ ዘረመል የሚይዙት 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተሰብረው ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚመጣ ነው አለ። የተበላሸው ክሮሞዞም አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለታየ የከተማዋን ስም ይዟል። ያ ስህተት ነጩን ደም እንደተከፈተ ቧንቧ ሳያቋርጥ ያስመርተዋል፤ ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን ደግሞ እሱኑ ለይቶ ይዘጋዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ሳያገኝ በፊት ብዙው ሰው ከጥቂት ዓመት አያልፍም ነበር አሉ። ክኒኑ ግን ለማንኛውም የደም ካንሰር አይሰጥም፤ መጀመሪያ ያ ምልክት፣ እነሱ ባዮማርከር የሚሉት፣ መገኘት አለበት። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ተገኘ። መድኃኒቱን ገዝተን አንችለውም ነበር፤ በጥቁር አንበሳ በኩል የማክስ ፋውንዴሽን በሚያመጣው እርዳታ በነፃ አገኘን።

ክኒኑ በቀን አንዴ፣ 400 ሚሊግራም፣ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው። ወንድሜ የሚያስጨንቀው ጾሙ ነበር። ሐኪሙ «ራት ላይ አድርገው» አለው፣ ተገላገልን። ጠበሉንም ይጠመቃል፣ ክኒኑንም አይዘልም። ተሻለኝ ብሎ ማቆም የለም፤ ያ ምልክት ምን ያህል እንደቀነሰ በየጊዜው ደሙ ይለካል። ጣፊያው ግን ገብቷል፣ አሁን እንጀራ አያተርፍም!

ወገኖቼ፣ ወባ ታይፎይድ እየተባላችሁ የምትመላለሱ፣ በተለይ ግራ ጎናችሁ ያበጠ፣ እባካችሁ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴል ቆጠራ ተሠሩ፣ ደማችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይ። እባካችሁ! ላብራቶሪ መስኮቱ ጋ ያንን ቀስ ብሎ የሚያወራውን ልጅ ካገኛችሁት የመተማው ልጅ እህት ሰላም ብላሃለች በሉልኝ። የድሮ የምርመራ ወረቀታችሁንም አትጣሉ፣ ሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።