የሮቶውን ማቆሚያ ማስረዘም ወይስ ፓምፕ መግዛት? ለደካማ የቤት ውሃ የቱ ይሻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ሮቶው ግን የውሃ እጥረትን እንጂ የግፊትን ችግር አይፈታም። ውሃው አለ፣ ሻወሩ ግን ጉልበት የለውም። ያኔ ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ፓምፕ ሊገዛ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት የሻወሩን ራስ ፈታችሁ ውሃውን ልቀቁት። ያለ ራሱ በደንብ ከወረደ የተደፈነው ራሱ ነው፣ ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ቤቱ የድሮ የብረት ቧንቧ ካለው ደግሞ ውስጡ በዝገት ጠቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ፓምፕ ከመግዛት ቧንቧውን በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) መቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ቧንቧ ሠራተኞች መጀመሪያ የሚሉት «ማቆሚያውን እናስረዝመው» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ግፊት ነው፤ ስለዚህ ማቆሚያው ላይ 1 ሜትር ብትጨምሩ የምታገኙት 0.1 ባር ብቻ ነው፣ ሻወር ላይ ብዙም አይታወቅም። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ደግሞ 2 ቶን ይመዝናል፣ እሱን በቀጭን ብረት ላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ያስፈራኛል። በዚያ ብር ከሮቶው የሚወርደውን ግማሽ ኢንች ቧንቧ በ1 ኢንች ብታስቀይሩ የበለጠ ለውጥ ታያላችሁ።

ተራው ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ርካሽ ነው፤ ከመሬት ታንከር ወደ ጣራ ሮቶ ለመሙላት ከሱ የተሻለ የለም። ግን ሁልጊዜ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ይፈልጋል፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከሠራ ይቃጠላል። ስትገዙ በጽሑፉ አትታለሉ። «35 ሜትር፣ በደቂቃ 35 ሊትር» ቢል ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያደርግም፤ 35 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም ብላችሁም ጠይቁ፣ መዳቡ ነው ዕድሜ ያለው።

ለፎቅ ቤት እና ሁለት ሦስት ሻወር ላለው ቤተሰብ የኔ ምርጫ አውቶማቲኩ ነው፤ ቧንቧ ስትከፍቱ ራሱ ይነሳል፣ ስትዘጉ ይቆማል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለው ነው፣ ቦታ አይዝም፣ አብዛኞቹም ውሃ ሲያልቅ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሌላው ባለ 24 ሊትር የግፊት ጋን ያለው ነው፤ እጅ ለመታጠብ ያህል ውሃ በተቀዳ ቁጥር ሞተሩ አይነሳም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይቆያል። እኔ ባለ ጋኑን እመርጣለሁ፤ ብቻ የጋኑን አየር በየጊዜው በጎማ መለኪያ ማየት አለባችሁ፣ ሲለካም ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው መውጣት አለበት። ሽንት ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ ግን ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲነሱ ሲጠፉ ያድራሉ፣ እሱን አስቀድማችሁ አሠሩ።

ጣራ ላይ ሮቶ ኖሮ የደከመው አንድ ሻወር ብቻ ከሆነ 100 ዋት አካባቢ ያላት ትንሿ ፓምፕ ትበቃለች። ብዙም ድምፅ የላትም። ቀዝቃዛው ወደ ቦይለሩ ከመከፈሉ በፊት ትገጠም፤ ሙቁ ላይ ብቻ ከገጠማችሁት ሙቁና ቀዝቃዛው አልመጣጠን ይላል።

ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ መግጠም ግን በፍጹም አይሆንም። የጎረቤትን ውሃ መሻማት ነው፤ ከዚያም በላይ መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ በተሰነጠቀ ቦታ ቆሻሻ ስቦ ያስገባል፣ ያንን ውሃ ልጆች ይጠጡታል። መጀመሪያ ታንከር ውስጥ ይግባ፣ ከታንከሩ ይሳብ።

መብራት ሲጠፋ አውቶማቲኩ ይቆማል። ስለዚህ የጣራውን ሮቶ አትሽጡት፤ ፓምፑን አልፎ የሚሄድ መስመር ከነቼክ ቫልቩ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) አሠሩለት፣ መብራት ባይኖርም ውሃው በራሱ ይወርዳል። ታንከራችሁ ከመሬት በታች ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ ሻጩ «8 ሜትር ይስባል» የሚለው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ 2 ሜትር ተኩል ያህል ቀንሱለት።