ለአዘዞው ጎሚስታ የቀረበ ምስጋና

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ጃናሞራ እህልና ዱቄት የማመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ባለፈው ነሐሴ እኔንና ረዳቴን ከክፉ ላተረፉን የአዘዞ ጎሚስታ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ፤ ስማቸው እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ።

በሰሜን ተራሮች ያለፈ ሹፌር ሁሉ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ በላይ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ያውቀዋል። ከፍታው ወደ 4,200 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ደባርቅ ላይ በዝናብ የተለየን ደመና እዚያ በረዶ ሆኖ ይጠብቀንና የጠጠሩን መንገድ ያለብሰዋል። መኪናው በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት አምና ሌላ ሰው ጎማው ላይ ያሰረልኝ ሰንሰለት ላልቶ ሲወራጭ የፍሬኑን ቱቦ ቆርጦብኛል፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መቆማችን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

እኚህ ባለሙያ ግን ሰንሰለቱን ከመንካታቸው በፊት ጎንበስ ብለው በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበቡና፣ ይዤ የሄድኩት ሰንሰለት ለሌላ ልክ የተሠራ መሆኑን ነግረው መለሱኝ። ዝም ብለው አስረው ገንዘባቸውን መቀበል ይችሉ ነበር። በልኩ የሆነውን ይዤ ስመለስ መሬት ላይ ዘርግተው የተጠማዘዘውን ቀለበት አንድ በአንድ አቃኑ፤ መኪናውን የሚገፋው የኋላ ጎማ ስለሆነ እዚያ ላይ አለበሱት፤ አስቀድሞ የውስጡ መንጠቆ፣ ቀጥሎ የውጩ እንደሚያያዝ፣ የመንጠቆውም አፍ ጎማውን እንዳይበላ ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት አሳዩን። ከዚያ ረዳቴን ሦስት ጊዜ አሳስረው ሦስት ጊዜ አስፈቱት። በመጨረሻው ዙር ዓይኑን አስጨፍነው በዳበሳ እንዲያስር አደረጉት፤ «እዚያ ጉም ነው ልጄ፤ እጅህም ይደነዝዛል» አሉት።

የተናገሩት አልቀረም። ጨነቅን እንዳለፍን በረዶው ወረደ፤ ጉሙ ጎማውን ከለለው። ዳገቱ ሳይጀምር ሜዳው ላይ ቆመን፣ ረዳቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በዳበሳ አሰረ። እንዳዘዙን ጥቂት ሄደን ቆምንና የላላውን እንደገና አጠበቅን፤ በዝግታም ማለፊያውን ተሻገርን። በረዶ የሌለው መንገድ ላይ ስንደርስ፣ ሰንሰለቱ ራሱም ጎማውም እንዳይበላ ወዲያው ፈታነው።

በዚያ መስመር የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ከክረምቱ በፊት እሳቸው ዘንድ እንድትሄዱ ከልብ እመክራለሁ። የእጅ ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው። የጎማችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ረዳታችሁንም አስከትሉ፤ ሹፌር ብቻውን ከሄደ «የሚያስረው ልጅ የታለ?» ብለው ይመልሱታል።